አለቀስን፤ ከዚያስ?
ስለ አንድ የቴሌቪዥን ፊልም ክፍል የቀረበ ሂስ

ሐያሲ አያለቅስም የሚል ያልተጻፈ ሕግ አለ። ሐያሲ መነጽሩን ይወለውላል፣ ይዘትን ከቅርፅ ይለያል፣ ገጸ ባሕርያቱን በሚዛን ያስቀምጣል፣ በመጨረሻም «በአጠቃላይ ጥሩ ሙከራ ነው» ብሎ ይፈርማል። እንባ የለቅሶ ቤት ነው። እኛ ግን ዛሬ ሕጉን ልንጥስ ነው። በሳይንስ ልብ ወለድ፣ ያውም በቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም አንድ ክፍል፣ ያውም ብዙዎቻችን ሳንወለድ በተሠራ፣ አልቅሰናል። አንድ ሁለት ሰው ብቻ አይደለንም፤ በዶርም ውስጥ አንድ ላፕቶፕ ከበን የተቀመጥን ሁሉ ነን። ይህን የሚያጽፈን ግን እንባው አይደለም፤ ከእንባው በኋላ የመጣው ክርክር ነው። ያ እንባ ምን ነበር? ልክ ነበር ወይስ ተሸውደን ነው?

መጀመሪያ ፊልሙን እናስተዋውቅ። «ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጀነሬሽን» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 1994 ሲተላለፍ የቆየ ነው። እኛ የምንናገርለት ክፍል «ዘ ኢነር ላይት» ይባላል፤ «ውስጣዊው ብርሃን» ብንለው ያስኬዳል። መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 1992፣ በኛ ግንቦት 24 ቀን 1984 ነው። ጸሐፊዎቹ ሞርጋን ጀንደልና ፒተር አለን ፊልድስ፣ አዘጋጁ ፒተር ሎሪትሰን ናቸው። በ1993 ለሳይንስ ልብ ወለድ የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት አግኝቷል። በፍላሽ እየተቀባበለ እኛ ጋ ሲደርስ እንግዲህ የሠላሳ ዓመት ሽማግሌ ሆኗል ማለት ነው።

ታሪኩ ይህ ነው። ካፒቴን ፒካርድ (ፓትሪክ ስቱዋርት) በመንኮራኩሩ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ከማን እንደመጣ የማይታወቅ አንድ ትንሽ መሣሪያ ጨረር ይልክበትና ተዝለፍልፎ ይወድቃል። ሲነቃ በማያውቀው ቤት ውስጥ ነው። ኢሊን የምትባል ሴት «ባለቤትህ ነኝ፣ ስምህ ካሚን ነው፣ ትኩሳት ይዞህ ነበር» ትለዋለች። አገሩ ካታን፣ መንደሩ ሬሲክ ነው። ሰውየው «እኔ የመንኮራኩር አዛዥ ነኝ» እያለ ዓመታት ይሟገታል። በኋላ ይደክመዋል። ዋሽንት መንፋት ይለምዳል፣ ልጆች ይወልዳል፣ ወዳጁን ይቀብራል፣ ሚስቱን ይቀብራል፣ ይሸመግላል። በዚህ ሁሉ መካከል ዝናብ እየራቀ፣ አፈሩ እየደረቀ ይሄዳል። የካታን ፀሐይ ልትፈነዳ ነው፤ ሕዝቡን አሳፍሮ የሚያወጣ መርከብ የለም። አንድ ትንሽ ሮኬት ግን አላቸው። ያን ያስወነጭፉታል። ሽማግሌው ካሚን ሮኬቱን ቀና ብሎ ሲያይ፣ የሞቱት ሁሉ እንደ ወጣትነታቸው ሆነው ፊቱ ይቆማሉ፤ ሮኬቱ የተላከው ወደሱ እንደሆነ ይነግሩታል። ሕዝቡ ካለቀ አንድ ሺህ ዓመት ሆኖታል። ፒካርድ በመንኮራኩሩ ወለል ላይ ሲነቃ ግን ያለፈው ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ነው። መሣሪያው ሲከፈት ውስጡ አንዲት ሣጥን፣ በሣጥኗ ውስጥ ዋሽንቱ ይገኛል። ፒካርድ ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ይነፋዋል። አለቀ።

ክርክሩ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ወዳጃችን፣ ያላለቀሰው እሱ ብቻ ነበር፣ «እናንተ ሰዎች አታፍሩም እንዴ?» አለን። «ባሮን ተሻግሮ ቤቱን በጭንቅላቱ ተሸክሞ ለመጣ ሰው ከንፈር ከመምጠጥ አልፋችሁ አታውቁም፤ ለሌለ ፕላኔት ግን መሐረብ ታወጣላችሁ።» ነገሩ ስላንገበገበን ለመመለስ ቸኮልን፤ ግን ቸኩሎ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ስለዚህ ቀስ ብለን ከፊልሙ አሠራር እንነሣ።

ይህ ክፍል የሚያስለቅስበት መንገድ ቀላል ነው፤ በሙያው አነጋገር ዕቃዎቹ ጥቂት ናቸው። ጦርነት የለም፣ ጭራቅ የለም፣ የሚተኮስ ጨረር ከመነሻው ሌላ የለም። ያለው ጫማ ነው። ኢሊን ባሏ ጫማውን የትም ስለሚጥል ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ትነተርከዋለች፤ ስትሞትም በመጨረሻ የምታነሣው ያንኑ የጫማ ነገር ነው። ደራሲዎቹ «የዘላለም ፍቅሬ» አላስባሏትም። ጫማህን አንሣ ነው ያስባሏት። የኛን አንገት የሰበረው ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ሁላችንም ቤት የጫማ ነገር የምትነተርክ እናት አለች። ሌላም አለ። ወንድ ልጃቸው ትምህርቱን ትቼ ሙዚቀኛ ልሁን ይላል፤ አባት ይቃወማል፣ ያስባል፣ ይፈቅዳል። (የካሚንን ልጅ ሆኖ የሠራው ዳንኤል ስቱዋርት የፓትሪክ ስቱዋርት የገዛ ልጁ ነው።) እኛ ከቤት «ምን ዲፓርትመንት ደረሰህ?» እየተባልን የምንደወልልን ተማሪዎች ይህን ስናይ ስለ ጠፈር እያሰብን አልነበረም።

ጊዜውንም አስተውሉ። ፒካርድ የወደቀው ለሃያ አምስት ደቂቃ ነው፤ ክፍሉ አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ተመልካቹ ከፒካርድ ይልቅ ብዙ ተቀምጧል ማለት ነው። ያ መሣሪያ በፒካርድ ላይ የሠራውን፣ ላፕቶፑ በኛ ላይ ሠርቷል፤ የሞተ ሕዝብ አስታዋሽ አድርጎናል። እንባው ከዚህ የመጣ ነው ብለን እናምናለን። ለሰው እንደምናዝነው አላዘንንም፤ የኛ እንደሆነ አድርገን ነው ያዘንነው። ወዳጃችን የጠየቀው ጥያቄ ግን አሁንም ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል፦ ለቅርቡ ሰው ይህ ለምን አልመጣም?

እስቲ ወደ ራሳችን ቴሌቪዥን እንሂድ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ነው። በታሪኩ ውስጥ ከፍተኛውን ስሜት ቀሰቀሱ ከሚባሉት ስርጭቶች አንዱ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ የታየው ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 መጀመሪያ ለአገሩ ሕዝብ ያሳየው የወሎ ረሃብ ፊልም፣ የቤተ መንግሥት ድግስና ቅንጦት ከሚያሳዩ ትዕይንቶች ጋር እየተፈራረቀ ቀረበ። በማግሥቱ መስከረም 2 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። እንግዲህ የቴሌቪዥን እንባ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚፈልግ የለም። ተመልካቹ አለቀሰ፣ ተቆጣ። መቆጣቱም ተገቢ ነበር፤ ረሃቡ ተደብቆ ነበርና።

ነገር ግን አንድ ነገር እንጠይቅ። በዚያ ፊልም ከታዩት የወሎ ሰዎች የአንዱን ስም የሚያውቅ ተመልካች ነበር? የአንዷ እናት ባሏን በምን እንደምትነተርከው፣ ከድርቁ በፊት ማታ ማታ ምን እንደሚዘፈን? አልነበረም። የታየው ዓይንና አጥንት ነበር። ዲምብልቢን አንወቅስም፤ የሄደው ሊያጋልጥ ነው፣ አጋልጧል። ቆርጦ የቀጠለው ወገን ደግሞ የሚፈልገው ክስ ነበር፣ አግኝቷል። ረሃብተኛው ግን በሁለቱም እጅ ማስረጃ ሆኖ ቀረ። ለማስረጃ ይታዘንለታል፤ ግን ማንም «የኔ ነው» አይለውም።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በሕይወት ያልነበረው ካሚን ስም፣ ሚስት፣ ጫማና ዋሽንት አለው። በሕይወት የነበረው የወሎ ገበሬ ግን ረሃብ ብቻ ነበረው። ወዳጃችን ሆይ፣ ለሌለው ያለቀስነው ያለውን ንቀን አይደለም፤ ያለውን እንደዚያ አድርጎ ያሳየን ስለሌለ ነው። ይህ ደግሞ ለኛ ምክንያት ሊሆነን አይችልም። አሳዪዎቹ እኛ ልንሆን ይገባ ነበራ! ሥነ ጽሑፍ ክበብ የምንለው ለምን ሆነና?

አሁን ወደ ጋምቤላ እንምጣ፤ ፊልሙ እዚህ ሲታይ ሌላ ቦታ ከሚታየው የሚለይ ይመስለናልና። በዚህ ከተማ «አገር ጥሎ መውጣት» የታሪክ ትምህርት አይደለም። በታኅሣሥ 2006 በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ ድንበር ተሻግረው ወደ ክልላችን የገቡት ሰዎች ቁጥር ከ300,000 አልፎ ነበር፤ ኩሌ፣ ቲርኪዲ፣ ጀዊ፣ ንጉኝየል የምንላቸው መጠለያዎች የዚያ ስሞች ናቸው። ከዚያም በፊት፣ በታኅሣሥ 1996 በከተማችን በደረሰው ጭፍጨፋ ብዙ አኙዋኮች ተገድለው፣ በሺህ የሚቆጠሩት በተቃራኒው አቅጣጫ ወደ ፖቻላ ተሰደዋል። ከዚያም በፊት፣ በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሌላም ቦታ የተነሡ ሰዎች በመንግሥት ሠፈራ ባሮ ዳር እንዲሰፍሩ ተደርገዋል። ያ መሬት ሰው አልባ አልነበረም፤ አኙዋኮች የሚያርሱት፣ ወንዙንም ኦፔኖ ብለው የሚጠሩት ነበር። እንግዲህ ሬሲክ የሚባለው መንደር ከዚህ ከተማ ሩቅ አይደለም። ከኛ መካከል ወይ የመጣ፣ ወይ የሄደ፣ ወይ ሌላው ሲመጣበት ያየ ቤተሰብ የሌለው ማነው?

ዋሽንቱስ? ዋሽንቱም አለን። በአኙዋክ ዘንድ ዲሙይ የሚባል የብርጭቆ ዶቃ ለጥሎሽ ይሰጣል። ዛሬ አዲስ አይሠራም፤ ያለው የድሮው ነው፤ በጋብቻ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ነጋዴ ቢያየው ዶቃ ነው፣ ዋጋው ስንት ነው ይላል። የሚያውቀው ግን የየትኛዋ አያት መዳሪያ እንደነበር ይነግራችኋል። ቶም የተባለው በአውራ ጣት የሚመታ መሣሪያም እንዲሁ ነው። ዕቃውን ያቆየው ዕቃው አይደለም፤ ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ነው። «ዘ ኢነር ላይት» ደግሞ ይህን በደንብ ይዞታል፤ ሮኬቱ ዋሽንቱን ብቻ ቢያደርስ ኖሮ የሙዚየም ዕቃ ብቻ ባደረሰ ነበር። የካታን ሰዎች ብልሆች ናቸው፤ ከዋሽንቱ በፊት የሚነፋውን ሰው ሠሩ።

ለዚህ አንድ እውነተኛ ምፀት እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2006 ያ የፊልም ዋሽንት ኒው ዮርክ ውስጥ በክሪስቲስ ጨረታ ቀርቦ ከ40,000 ዶላር በላይ ተሸጧል። ለፊልም የተሠራ ስለሆነ ግን አይነፋም፤ ድምፅ የለውም። ወዳጆች፣ ዲሙይንም ቶምንም በመስታወት ውስጥ አስቀምጠን «ባህላችን ተጠበቀ» ብለን የምናጨበጭብ ከሆነ የገዛነው ያንን ዋሽንት ነው።

እስካሁን ያመሰገንን ይመስላል። ሂስ ነውና ጉድለቱንም እንናገር፤ ሁለት ነው፣ ሁለቱም ከባድ ነው።

አንደኛው፣ ፊልሙ ጥፋቱን ከሰማይ አምጥቶታል። ፀሐይ ስትፈነዳ ማን ይከሰሳል? ማንም። ስለዚህ እንባችን ንጹሕ ነው፣ ተጠያቂ አይፈልግም፣ አልቅሶ ወደ ካፌ መሄድ ይቻላል። ነገር ግን ፊልሙ ራሱ መሐል ላይ ሌላ ነገር ጀምሮ ነበር። ካሚን ስለ ድርቁ ለአስተዳደሩ ሰው ይናገራል፤ በኋላም ልጁ ሜሪቦር አፈሩን መርምራ እውነቱን ስትደርስበት፣ አስተዳዳሪው በሹክሹክታ «እኛማ ካወቅነው ሁለት ዓመት ሆነን፤ ሕዝቡ እንዳይሸበር ነው ዝም ያልነው» ይላል። እንዴ! ይህን ሰው እናውቀዋለን። በ1965ና በ1966 ወሎ ሲራብ ዝም ያለው እሱ ነው። በ1977 መግቢያ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሲከበር፣ ቴሌቪዥናችንም ለዚያው በዓል ባለ ቀለም ሲሆን፣ ረሃቡን ከሥዕሉ ውጪ ያደረገውም እሱ ነው። ፊልሙ ይህን ሰው ፊት ለፊታችን አቁሞ ሳይጠይቀው ያሳልፈዋል፤ ፀሐይዋ ስለምትፈነዳ ቢናገርም ባይናገርም ለውጥ የለውማ። የካታን ድርቅ መድኃኒት የለውም። የኛ ድርቅ ግን አለው፤ መንገድ፣ ጎተራ፣ በጊዜው የተነገረ ወሬ መድኃኒቱ ነው። ስለዚህ ከካታን እንባ ጋር የካታንን «ምን ይደረጋል» አብረን እንዳንውጥ እንጠንቀቅ። ድርቅ ከሰማይ ይመጣል እንበል፤ ረሃብን ግን ሰው ይጨምርበታል።

ሁለተኛው ጉድለት ለኛ የባሰ ነው። ካታን ሙሉ ፕላኔት ሆኖ ሳለ የሚታየን አንድ መንደር፣ አንድ ቋንቋ፣ አንድ ዋሽንት ነው። በሬሲክ የመሬት ጠብ የለም፣ የከብት ጠብ የለም፣ «እኛና እነሱ» የሚባል ነገር የለም። ሁሉም አደባባዩ ላይ ባለችው ዛፍ ዙሪያ ተስማምቶ ይኖራል። ይህ ደስ ይላል፤ እውነት ግን አይደለም። እስቲ ያን ሮኬት አምጥተን ባሮ ድልድይ አጠገብ እናቁመው። ሣጥኗ አንድ ዕቃ ብቻ ትይዛለች እንበል። የማንን እንጭናለን? የኑዌርን? የአኙዋክን? መዠንግሮች «ጫካችንስ?» አይሉም? ኦፖና ኮሞ ቁጥራችሁ ጥቂት ነው ተብለው ከሰልፉ ኋላ ሊቆሙ ነው? ባሮ ዳር ተወልዶ ያደገው የሠፋሪ ልጅስ ምን ይዞ ይምጣ? ይህን ጥያቄ በዶርም ስናነሣ መጀመሪያ ሳቅን። ቀጥሎ ዝም አልን። ዝም ያልነው ለምን እንደሆነ እዚህ ከተማ ለሚያነብ ሰው መዘርዘር አያስፈልግም፤ በጥቂት ነገር ስንት ደም እንደፈሰሰ ሁሉም ያውቃል።

የካታን ጸሐፊዎች ይህን ጥያቄ አልጠየቁም። ግን መልሱን ሳያውቁት የሰጡን ይመስለናል። ልብ በሉ፦ ዋሽንቱን እንዲያስታውስ የተመረጠው የካታን ሰው አይደለም። ባዕድ ነው። ቋንቋውም፣ ዘሩም፣ ሰማዩም ሌላ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ «እኔ የናንተ አይደለሁም» ሲል የኖረ ነው። ዋሽንቱን የተማረው ግን ሚስቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ መጀመሪያ እያበላሸ፣ ቀስ በቀስ ነው። ማስታወስ ማለት ይህ ነው ካልን፣ ከሣጥኗ ጠብ ሌላ መውጫ አለን። የኑዌሩን ዜማ አኙዋኩ ቢያውቀው፣ የአኙዋኩን ኑዌሩ፣ የኦፖውን የወሎዬው ልጅ ቢያውቀው፣ ሮኬቱ ምን ያስፈልጋል? የራሱን ዘፈን የሚጠብቅ ሞልቷል። ጎረቤቱ የዘፈነውን ቃሉን ሳይስት የሚያውቅ ግን ስንት አለን? አንድ ዶርም ውስጥ አራት ዓመት አብረን አድረን የአንዳችንን የልጅነት ዘፈን አንዳችን አናውቅም። ከካፌ ሰልፍ በላይ እርስ በርስ የሚያውቀን ነገር የለም። ይህ ክስ በራሳችን ላይ ነው፤ ሌላ ተከሳሽ አንፈልግለትም።

ፒካርድንም አንርሳው። ካልተሳሳትን ተመልካች ሁሉ የሚያስታውሰው የመጨረሻዋን ትዕይንት ነው፤ ሰውየው መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ሲነፋ። ፊልሙ ግን እዚያ አላቆመም። በ1993 በተላለፈው «ሌሰንስ» በተባለው ክፍል ፒካርድ ያንኑ ዋሽንት ለአንዲት የሥራ ባልደረባው ያሳያታል፣ ታሪኩንም ይነግራታል፣ አብረው ይጫወታሉ። ብቻውን የነፋው ሐዘን ነበር፤ ከሌላ ሰው ጋር የነፋው ግን ካታንን አንድ ሰው ጨመረለት። አስታዋሹ ሁለት ሆነ።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። «ዘ ኢነር ላይት» ጥሩ ሥራ ነው፤ እንባውም የተጭበረበረ እንባ አይደለም፤ ሰውን በስሙና በጫማው ስላሳየን የመጣ ነው። የጥፋቱን ተጠያቂ ግን ከፀሐይ ጀርባ ደብቆብናል፤ የሕዝቡንም ልዩነት አስተካክሎ ሰፍቶብናል። እነዚህን ሁለቱን ፊልሙ አይሞላልንም። የኛ ደራስያን ናቸው የሚሞሉት፤ የኛ ደራስያን ማለት ደግሞ ይህን ወረቀት የያዛችሁት እናንተ ናችሁ።

ያላለቀሰው ወዳጃችን «ይሄ ሁሉ ቃል ነው» ማለቱ አይቀርም። ልክ ነው። ስለዚህ ለሚቀጥለው ዕትም አንድ ነገር እንጠይቃለን። እያንዳንዳችሁ ከእናታችሁ ቋንቋ ሌላ በሆነ ቋንቋ አንድ ዘፈን ፈልጉ። ከዶርም ጓደኛ ይሁን፣ ከገበያ ነጋዴ ይሁን፣ ከጀዊ መጠለያ ካሉት እናቶች ይሁን። ቃሉን እንደተባለ ጻፉት፣ ትርጉሙን ከሥሩ አድርጉ፣ የዘፈነው ሰው መቼና ለምን እንደሚዘፍነው ጠይቁ፤ እሱ ከፈቀደ ስሙንም ጻፉ። አሳምሩልን አንልም፤ አትሳቱብን ነው የምንለው። ስቴንስሉ ላይ ቦታ አለ። ካልበቃ የኛን ሂስ አሳጥረን ቦታ እንለቅቃለን።